የውጭ ተፎካካሪን ለሚፈሩ አንባቢ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ አንባቢ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በየስብሰባውም በየሻይ ቤቱም የሚመላለስ አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። «የውጭው ከገባ የእኛው ምን ሊበላ ነው?» ይባላል። ጥያቄው ከመሬት ተነሥቶ አልመጣም። በ2021 የቴሌኮም ፈቃድ ለሳፋሪኮም ተሰጠ (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2024 ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልለው የቆዩት የአስመጪነት፣ የላኪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብት ተፈቀዱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገ፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ፓርላማው የውጭ ባንኮችን የሚያስገባውን አዋጅ አጸደቀ። ይህ ሁሉ ተደራርቦ ሲመጣ የአገር ውስጥ ነጋዴ ቢሰጋ አይፈረድበትም።

ስጋቱን አልንቅም፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። የውጭ ተፎካካሪ ለአገር ውስጥ ኩባንያ ከባድ ፈተና ነው። ነገር ግን ከድንበር ተሻግሮ የሚሸጥ ኩባንያ ለዚህ ፈተና ሳይቀመጥ አይወጣም። ምስክር አድርጌ የማቀርብልዎ እርስዎ በደንብ የሚያውቁትን ኩባንያ ነው። በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በአዳማ ወይም በድሬዳዋ የሚኖሩ ከሆነ ዛሬ ጠዋትም ሳይሳፈሩበት አልቀሩም። ባጃጅን ማለቴ ነው።

ባጃጅ አውቶ በሕንድ፣ በፑኔ ከተማ አጠገብ ያደገ ኩባንያ ነው። ሥራውን የጀመረው ስኩተርና ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ከውጭ እያስመጣ በመሸጥ ነበር። ቆይቶ ከጣሊያኑ ፒያጅዮ ፈቃድ ወስዶ ቬስፓን እዚያው ማምረት ያዘ። ውሉ በ1971 ሲያበቃ በራሱ ስም ቀጠለና በ1972 ቼታክ የተባለውን ስኩተር አወጣ። ከ1968 ጀምሮ ኩባንያውን የሚመሩት ራሁል ባጃጅ ነበሩ።

በዚያ ዘመን ሕንድ ውስጥ ፋብሪካ ለማቆም ብቻ ሳይሆን ስንት እንደሚመረት ለመወሰንም የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ፈላጊው ብዙ፣ የሚመረተው ጥቂት፣ ከውጭ ማስገባት በተግባር የተከለከለ ነበር። ስለዚህ ቼታክ ለመግዛት የተመዘገበ ሰው እስከ 10 ዓመት ድረስ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ተራው የደረሰውም ቢሆን ከገዛበት ዋጋ በላይ የሚከፍለው ሰው አያጣም ነበር። እርስዎም ሲም ካርድ ለማግኘት ደጅ የተጠናበትን ጊዜ፣ ሲሚንቶ በደላላ እጅ የዞረበትን ወቅት ስለሚያስታውሱ ይህን ለማብራራት ብዙ መድከም የለብኝም።

ወረፋ ለአምራቹ ምቹ ነው፤ የሚያሳጣው ነገር ግን በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። ቼታክ ጠዋት አልነሳ ሲል ባለቤቱ ወደ ጎን ያዘነብለዋል፤ ከዚያ ደግሞ ይረግጠዋል። በመላ ሕንድ የታወቀ ዘዴ ነበር። ይህን ጉድለት መሐንዲሱ እንዲያስተካክል የሚያስገድደው አልነበረም፤ ደንበኛው ቢያኮርፍ ከኋላው የተሰለፈው ይገዛዋላ። የሽያጭ ክፍሉ ሥራ መሸጥ መሆኑ ቀርቶ ማከፋፈል ሆነ። ምርምር ደግሞ የቅንጦት ወጪ ሆነ። የእኛ ሰው «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው፤ በአገሩ ደንበኛ ላይ የሚኮራ፣ ከድንበር ሲወጣ ግን ማንም የሚረማመድበት።

መጀመሪያ ነፋሱ የገባው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። መንግሥት የጃፓን ሞተር ብስክሌት ሠሪዎች ከሕንድ ኩባንያዎች ጋር በሽርክና እንዲያመርቱ ፈቀደ። ሆንዳ ከሄሮ ጋር ተጣምሮ በ1985 ሲዲ 100 የተባለውን ባለአራት ምት ሞተር ብስክሌት አወጣ፤ በአንድ ሊትር ቤንዚን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ተባለለት። ባጃጅም ከካዋሳኪ ጋር ተሻርኮ ሞተር ብስክሌት መሥራት ጀመረ፤ ልቡ ግን ስኩተሩ ላይ ነበር። ከዚያ 1991 መጣ። ሕንድ የውጭ ምንዛሪዋ ተሟጦ የጥቂት ሳምንታት ገቢ ዕቃ እንኳ መሸፈን አቃታት፤ ወርቋን በመያዣነት ወደ ለንደን ላከች። በዚያ ሐምሌ የገንዘብ ሚኒስትሩ ማንሞሃን ሲንግ ያቀረቡት በጀት የፈቃዱን ሥርዓት በአብዛኛው የፈረሰበት የለውጥ ማዕከል ሆነ። ከፍተኛው የገቢ ዕቃ ቀረጥ ወደ 150 በመቶ ወረደ፤ በ1997 ደግሞ 40 በመቶ ደረሰ።

በ1993 ታላላቅ የሕንድ ባለፋብሪካዎች ተሰብስበው አቤቱታ አቀረቡ። ጋዜጦች «የቦምቤይ ክለብ» አሏቸው። ጥያቄያቸው የመወዳደሪያው ሜዳ እኩል ይሁንልን የሚል ነበር፤ ተቺዎቻቸው ግን በሩን ዝጉልን ማለታቸው ነው ብለው ተረጎሙት። ከሁሉ ይልቅ ድምፃቸው ጎልቶ የተሰማው ራሁል ባጃጅ ነበሩ። ዛሬ በእኛ አገር በየስብሰባው የሚነሣውን ቅሬታ አንድ በአንድ ያኔ ተናግረውታል፦ የብድር ወለዱ ከፍተኛ ነው፣ ግብሩ ይከብዳል፣ መብራትና መንገዱ አይረዳንም፣ የውጭው ግን ርካሽ ገንዘብ ይዞ ይመጣል።

በሩ አልተዘጋም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሕንድ ገዢ ፊቱን ከስኩተር ወደ ሞተር ብስክሌት አዞረ፤ የባጃጅ ትርፍም ወደቀ። በ2001 ሄሮ ሆንዳ ባጃጅን ቀድሞ የአገሪቱ ትልቁ ባለሁለት እግር ተሽከርካሪ አምራች ሆነ። አሥር ዓመት ወረፋ ያሰለፈ ኩባንያ ሁለተኛ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ ብለው ይከታተሉልኝ። ለውጡን የመራው የራሁል ልጅ ራጂቭ ባጃጅ መሐንዲስ ነበር። ቻካን በተባለ ሥፍራ አዲስ ፋብሪካ ተሠራ። ከመጠን በላይ የበዙ አቅራቢዎች ተቀንሰው ጥራትና ዋጋ የሚጠብቁት ብቻ ቀሩ። ብዙ ሠራተኞች የመሰናበቻ ክፍያ ተቀብለው ወጡ፤ ይህ የታሪኩ መራራ ክፍል ስለሆነ አልዘለውም። በ2001 መጨረሻ ፑልሳር የተባለው ሞተር ብስክሌት ገበያ ላይ ዋለ፤ በራሳቸው መሐንዲሶች የተነደፈ፣ ወጣቱን የማረከ ምርት ሆነ። በ2009 መጨረሻ ደግሞ ኩባንያው ስኩተር መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ስሙን የሠራለትን ምርት ጣለ። ቼታክ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲመለስ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሆኖ ነው የመጣው።

ወደ ውጭ ገበያ በሰፊው የወጣው ከዚህ ለውጥ በኋላ ነው። ከሆንዳና ከያማሃ ጋር በገዛ አገሩ ተናንቆ ያለፈ ምርት ሌጎስም ቦጎታም ካይሮም ቢሄድ የሚያጋጥመው ያንኑ ሆንዳና ያማሃ ነው፤ ልምምዱን ቤቱ ጨርሶ ነበር የሄደው። ቦክሰር የተባለው ሞተር ብስክሌቱ በናይጄሪያ የመንገድ ታክሲ ሆነ፤ ባለሦስት እግሩ እኛ ዘንድ ደረሰ። በአንዳንድ ዓመታት ኩባንያው ከሚያመርተው ግማሽ ያህሉ ወደ ውጭ ይሄዳል። በ2007 የኦስትሪያውን የሞተር ብስክሌት ሠሪ ኬቲኤም አክሲዮን መግዛት ጀመረ፤ የኬቲኤም ሞዴሎችም ቻካን ውስጥ ይመረቱ ጀመር። በ2025 ኬቲኤም በዕዳ ተይዞ ሊፈርስ ሲቃረብ የመታደጊያውን ገንዘብ ያቀረበው ባጃጅ ነው። ከውጭ ኩባንያ ጠብቁኝ ሲል የነበረ ድርጅት የአውሮፓን ኩባንያ ከውድቀት አዳነ።

ታሪኩን ያወራሁልዎ ውድድሩ በትክክል ምን እንደሠራ ለማሳየት ነው። መጀመሪያ፣ መለኪያ ሰጠ። ብቻውን የሚሮጥ ሁሌም አንደኛ ስለሚወጣ ፍጥነቱን አያውቅም፤ ሆንዳ ሲገባ ግን የባጃጅ ነዳጅ ፍጆታ ስንት እንደሆነ ማንም ገዢ በኪሱ ሊያነጻጽር ቻለ። ሁለተኛ፣ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ከፍ አደረገ። የጃፓኖቹ ሽርክናዎች ፒስተን፣ ጎማ፣ ሻማና መብራት ከሕንድ አቅራቢዎች ሲገዙ ጥራት አስተማሯቸው፤ እነዚያው አቅራቢዎች ለባጃጅም ሸጡ። ሦስተኛ፣ ለውጡን በውስጥ ለሚፈልጉት ጉልበት ሆነ። በየድርጅቱ «ይህ አይሆንም፣ እንለወጥ» የሚል መሐንዲስ አይጠፋም፤ ሰሚ የሚያገኘው ግን የገበያ ድርሻ ሲያንስ ነው።

ሁሉም ተርፏል ብዬ አልዋሽዎትም። ሂንዱስታን ሞተርስ አምባሳደር የተባለውን መኪና ከእንግሊዙ ሞሪስ ኦክስፎርድ ወስዶ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራ ኖረ። የሚኒስትሮች መኪና፣ የካልካታ ታክሲ ነበር። ውድድር ሲመጣ መለወጥ አልቻለም፤ በ2014 ፋብሪካው ቆመ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ስሙ ለፈረንሳዩ ፔዦ ተሸጠ። የባጃጅ የቅርብ ተቀናቃኝ የነበረው ስኩተር ሠሪው ኤልኤምኤልም ተንገዳግዶ ተዘጋ። ልዩነቱ አንዱ ጥበቃ አግኝቶ ሌላው ማጣቱ ላይ አይደለም፤ ሁሉም እኩል ተጠብቀው ነበር። ልዩነቱ በሩ ሲከፈት ማን ምርቱን ለመጣል ደፈረ የሚለው ላይ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። የውጭ ውድድር የአገር ውስጥ ኩባንያ ያሳድጋል ወይ ለሚለው ትልቁ መልስ ቦሌ ላይ ቆሟል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ ከአሜሪካው ቲደብልዩኤ ጋር ተዋውሎ ተመሠረተ፤ በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከመነሻው ገበያው ውጭ ነበር። በአገር ውስጥ መስመር ይህ ነው የሚባል ተቀናቃኝ የለውም፤ ያሳደገው ግን የአገር ውስጡ መስመር አይደለም። ከሌጎስ ወደ ጓንዡ የሚሄድ ነጋዴ ኤምሬትስን፣ ኳታርን፣ ቱርክን መምረጥ ይችላል። መንግሥት አየር መንገዱን የፈለገውን ያህል ቢወደው የሌጎሱን መንገደኛ በአዋጅ ሊያሳፍርለት አይችልም።

ለዚህ ነው ደርግ ሁሉን ነገር ወደ ምሥራቁ ጎራ ሲያዞር አየር መንገዱ ከቦይንግ ጋር የቀጠለው፤ በ1984 ቦይንግ 767ን ያስገባውም ያ ዘመን ነው። በ2011 ስታር አሊያንስን ተቀላቀለ፤ በ2012 ድሪምላይነርን፣ በ2016 ኤርባስ ኤ350ን ከአፍሪካ ቀድሞ አበረረ። ሎሜ ላይ በአስካይ፣ በማላዊም ከአገሪቱ ጋር በሽርክና ሥር ሰደደ። የጥገና ማዕከሉና የአቪዬሽን ትምህርት ቤቱ የሌላ አገር ደንበኛ ያገለግላሉ። አየር መንገዱ የመንግሥት ንብረት መሆኑን አይርሱ፤ ዋናው ነገር ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው ሌላ ምርጫ አለው ወይ የሚለው ጭምር ነው።

አነስ ያለ ምሳሌ ከፈለጉ መርካቶ ይውረዱ። በ2000ዎቹ መባቻ ርካሽና መልከ ቀና የቻይና ጫማ ገበያውን አጥለቀለቀው። ብዙ ትንንሽ ጫማ ሠሪዎች ተዘጉ፤ ሠራተኛ በተኑ። የቀሩት ግን ፋሽን መከተል ጀመሩ፣ ሶሉን አሻሻሉ፣ ቆዳውን መረጡ፣ በቀጠሮ ማስረከብ ለመዱ። ገዢውም የፕላስቲኩ ጫማ ዝናብና ኮረኮንች እንደማይችል አየ። የአገር ውስጡ የቆዳ ጫማ ገበያውን መልሶ ያዘ፤ ከፋብሪካዎቹም ወደ ጣሊያንና ወደ ሌሎች አገሮች መላክ የጀመሩ ነበሩ። ያንን ትምህርት የሰጣቸው ሥልጠና ወይም ዐውደ ጥናት ሳይሆን መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጠው የቻይና ጫማ ነው።

ቴሌኮሙን ይመልከቱ። መንግሥት በ2018 ዘርፉን በከፊል እከፍታለሁ ባለ በጥቂት ወራት ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ጥሪና የኢንተርኔት ዋጋውን በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ባገኘበት በዚያው ግንቦት 2021 የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ሥራ ጀመረ። አጋጣሚ ነው ብለው ካመኑ መብትዎ ነው። ያም ሆኖ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ እስካሁን እዚሁ ነው፤ መሻሻሉ ገና ድንበር አላሻገረውም። መከፈት በር ነው እንጂ መንገድ አይደለም፤ መሄድ የራስ ሥራ ነው።

ባንኮቻችን ላይ ስደርስ ብዕሬ ይከብዳል። በ1975 ተወረሱ፤ ከ1994 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ተፈቀዱ፤ ለ30 ዓመት የውጭ ተፎካካሪ አላዩም። ጉልበታቸው በአብዛኛው የፈሰሰው እዚሁ ቅርንጫፍ በማብዛት፣ ተቀማጭ በማሰባሰብና መያዣ ላለው በማበደር ነው። ኬንያን ያነጻጽሩ። ኢኩዊቲ በ1984 የቤት ግንባታ ቁጠባ ድርጅት ሆኖ የተቋቋመና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኪሳራ ውስጥ የወደቀ ተቋም ነበር። ከተማውን ባርክሌይስና ስታንዳርድ ቻርተርድ ይዘውት ነበርና እነሱ ወዳላዩት ገበሬና ቸርቻሪ ወረደ። በ2004 ባንክ ሆነ፤ በ2008 ኡጋንዳ ገባ፤ ዛሬ በሩዋንዳ፣ በታንዛኒያ፣ በደቡብ ሱዳንና በኮንጎ ይሠራል። አዲስ አበባም የወኪል ቢሮ ከፍቶ በሩ እስኪከፈት ከጠበቁት አንዱ እሱ ነው። የእኛ ባንኮች የናይሮቢን በር ሲያንኳኩ አልተሰማም።

ይህን ሁሉ ስል ነገ ጠዋት ቀረጥ ሁሉ ይነሣ ማለቴ አይደለም። ሕንድ ያለቀለት ተሽከርካሪ ላይ ከፍ ያለ ቀረጥ አቆይታለች፤ ሆንዳ የተወዳደረው ፋብሪካውን ሕንድ ውስጥ ተክሎ፣ የሕንድ ሠራተኛ ቀጥሮ ነው። ደቡብ ኮሪያም ሂዩንዳይን ለረጅም ጊዜ ጠብቃዋለች፤ ጥበቃው ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ርካሽ ብድር የሚያገኘው ወደ ውጭ የሚልክ ነበር፤ ፖኒ የተባለችው መኪና ማምረት በተጀመረ ዓመት ሳይሞላ በ1976 ወደ ኢኳዶር ተላከች። ቀነ ገደብ ያለው፣ ውጤት የሚጠየቅበት ጥበቃ ትምህርት ቤት ነው። ቀነ ገደብ የሌለው ጥበቃ ግን ወረፋ ብቻ ያመርታል።

የቦምቤይ ክለብም አንድ ነገር ላይ ልክ ነበር። ጥሬ ዕቃው ካለቀለት ምርት እኩል ወይም በላይ ከተቀረጠ፣ መብራቱ በፈረቃ ከሆነ፣ ዕቃው ጉምሩክ ለሳምንታት ከተቀመጠ፣ ለመለዋወጫ የሚሆን ዶላር በወራት ከተገኘ ኢትዮጵያዊው አምራች ተሸነፈ ማለት አይቻልም፤ እግሩ ታስሮ ነው የተወዳደረው። በር የምንከፍተው እኛ ብቻ እንዳልሆንንም ማወቅ ይገባል። በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትወጣ የአሜሪካን ገበያ ከቀረጥ ነፃ ያገኙ የነበሩ ፋብሪካዎች ምን እንደደረሰባቸው አይተናል። አንድ ገበያ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ላኪ ሌላ ዓይነት ወረፋ ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ፣ የተከበሩ አንባቢ፣ የምጠይቅዎ ይህን ነው። ባለፋብሪካ ወይም ነጋዴ ከሆኑ መሥሪያ ቤቶችን ደጅ ሲጠኑ በሩ ይዘጋልኝ ብለው አይሂዱ፤ መብራቱን፣ ጉምሩኩን፣ የጥሬ ዕቃ ቀረጡን አስተካክሉልኝ ብለው ይሂዱ። ከሚያመርቱት ውስጥ ትንሽም ቢሆን ዘንድሮ ወደ ጎረቤት አገር ይላኩ፤ ዋጋዎና ጥራትዎ የት እንዳለ የሚነግርዎ ያ ገዢ ነው። ባለሥልጣን ከሆኑ ለአገር ውስጥ ኩባንያ የሚሰጡት ከለላ ሁሉ ላይ የሚያበቃበትን ቀንና የሚጠበቀውን የወጪ ንግድ ውጤት ይጻፉበት፤ ቀኑ ሲደርስም አያራዝሙ። ሥራ ለሚያጡ ሠራተኞች ስንብትና ሥልጠና አስቀድመው ያዘጋጁ፤ የለውጡን ዋጋ እነሱ ብቻቸውን ከከፈሉት ቀጣዩን በር የሚዘጉት እነሱ ይሆናሉ፤ እውነትም ይኖራቸዋል።

ሸማች ከሆኑ ደግሞ «የአገሬን ልግዛ» የሚለውን ፍቅርዎን አይተዉት፤ ነገር ግን ጥራት ይጠይቁበት። ለጎደለ ምርት ዝም የሚል ደንበኛ ያንን ኩባንያ አልረዳውም፤ ሌላ ቦታ እንዲዋረድ አሳልፎ ሰጠው።

የውጭ ተፎካካሪ ይመጣል፤ በሕጉ መጥቷልም። ከአገር ውስጥ ኩባንያዎቻችን የሚወድቁ ይኖራሉ። ከድንበር ተሻግረው ስማቸውን የሚያስጠሩትም የሚወጡት ከዚያው ፈተና ነው፤ ከሌላ ቦታ የወጣ እስካሁን አላየሁም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አክባሪዎ